ሐዲዱ ከመጋዙ ይቀድማል፦ በዲላና በአካባቢዋ ለቤት እንጨት ሥራ የባለሐዲድ መጋዝ ምርጫና አጠቃቀም

መግቢያ

በጌዴኦ ዞን እንጨት ከሩቅ ደን ብቻ የሚመጣ ዕቃ አይደለም፤ በጓሮ የሚበቅል ሀብት ነው። ከዲላ ተነሥቶ ወደ ይርጋ ጨፌና ወደ ኮቸሬ የሚጓዝ ሰው እንሰቱን፣ ቡናውንና ከበላያቸው የተንሰራፉትን ዛፎች በአንድ ማሳ ላይ አብረው ያያቸዋል። ዋንዛው፣ ብርብራው፣ ሳሳውና ብሳናው ለቡናው ጥላ፣ ለአፈሩ የቅጠል ማዳበሪያ፣ ለባለቤቱም በችግር ጊዜ የሚሸጥ ግንድ ናቸው። ታደሰ ኪፔ ካንሺ በ2002 እ.ኤ.አ. በኔዘርላንድስ ዋኸኒንገን ዩኒቨርሲቲ ያቀረቡት የጌዴኦ የመሬት አጠቃቀም ጥናት በርእሱ ላይ የአምስት ሺህ ዓመት ዘላቂነትን በጥያቄ መልክ ማንሣቱ ያለ ምክንያት አይደለም። የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድርም በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍሯል።

ስለዚህ ሥርዓት የተጻፉት ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ ዛፉ እስኪወድቅ ድረስ ያለውን ታሪክ ይነግራሉ። ከወደቀ በኋላ በአናጢው እጅ ምን ያህሉ ዕቃ፣ ምን ያህሉ ሰጋቱራ እንደሚሆን የሚጠይቁት ጥቂቶች ናቸው። ዋንዛ ለጣውላ እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል፤ በጠማማ ቅነሳ የሚባክነው ግን በደቂቃዎች ውስጥ ነው። በአዋጅ ቁጥር 94/1986 ዋንዛ ከኮሶ፣ ከዝግባና ከጥድ ጋር ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጥ ከተከለከሉት ዛፎች አንዱ ሆኖ መጠቀሱን ያስታወሰ አንባቢ፣ የጓሮው ዋንዛ ሸክም ለምን እንደከበደ ይረዳል።

ይህ ጽሑፍ ከዚህ ሰፊ ጉዳይ አንዲት ጠባብ ክፍል ይመረምራል። በእንግሊዝኛ «ትራክ ሶው» የሚባለው፣ እዚህ ባለሐዲድ መጋዝ የተባለው መሣሪያ፣ በዲላ ከተማ በግቢው ውስጥ ለሚሠራ አናጢ ወይም ለራሱ ቤት ቁም ሣጥን ለሚሠራ ሰው ይጠቅማል ወይ? የሚጠቅም ከሆነስ የቱን ክፍሉን አስቀድሞ መግዛት ይገባል? የጽሑፉ መከራከሪያ የመሣሪያው ጥቅም ያለው በሞተሩ ሳይሆን በሐዲዱና በዲስኩ ነው የሚል ነው። ሐዲድ በቤት ሊሠራ ስለሚችልም የግዢው ቅደም ተከተል በተለምዶ ከሚታሰበው ተቃራኒ መሆን አለበት።

የመሣሪያው ምንነት

ባለሐዲድ መጋዝ በመሠረቱ በእጅ የሚያዝ ክብ መጋዝ ነው። ከተራው የሚለየው በሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ መቀመጫው ላይ ያለው ቦይ በአሉሚንየም ሐዲድ ላይ ካለው ጉብታ ጋር ገጥሞ ስለሚንሸራተት ወደ ግራም ወደ ቀኝም አይወላገድም። ሁለተኛ፣ ዲስኩ በሽፋን ውስጥ ተደብቆ ይቆይና ሠራተኛው እጀታውን ወደ ታች ሲጫን ብቻ ወደ እንጨቱ ይገባል። ስለዚህ ከጠርዝ ሳይነሡ ከጣውላው መካከል መቁረጥ መጀመር ይቻላል፤ ለምሳሌ በምድጃ ጠረጴዛ ላይ የመታጠቢያ ሳሕን ማስገቢያ ለመክፈት።

ሦስተኛ ነገር አለ፤ እርሱም ብዙ ጊዜ ሳይነገር ያልፋል። በሐዲዱ የሥራ ጠርዝ ላይ ቀጭን የጎማ ወይም የፕላስቲክ ጥብጣብ ተለጥፏል። መጋዙ ለመጀመሪያ ጊዜ በሐዲዱ ላይ ሲሄድ የጥብጣቡን ትርፍ ይቆርጠዋል። ከዚያ ወዲያ የጥብጣቡ ጠርዝ ዲስኩ የሚያልፍበት ትክክለኛ መስመር ነው። ሠራተኛው ከመጋዙ መቀመጫ እስከ ዲስኩ ያለውን ርቀት ማስላት አይኖርበትም፤ ጥብጣቡን በእርሳሱ መስመር ላይ ማስቀመጥ ይበቃዋል። ጥብጣቡ ሌላም ሥራ አለው። የክብ መጋዝ ጥርስ ከታች ወደ ላይ እየወጣ ስለሚቆርጥ የላይኛውን ገጽ ይፈለቅቃል። ጥብጣቡ ገጹን ተጭኖ ስለሚይዘው በሐዲዱ ሥር ያለው ወገን ንጹሕ ሆኖ ይቀራል። ከሐዲዱ ውጭ የሚቀረው ወገን ግን ይህ ጥበቃ የለውም። እንግዲያው ሐዲዱ ምንጊዜም በሚፈለገው ክፍል ላይ እንጂ በቁራጩ ላይ አይቀመጥም።

ከዚህ የሚከተል አንድ ጥንቃቄ አለ። ጥብጣቡ የተስተካከለው ለአንድ የዲስክ ውፍረት ነው። ውፍረቱ የተለየ ዲስክ ሲገጠም መስመሩ ይዛነፋል፤ ዲስኩ ከወፈረ ጥብጣቡን እንደገና ይበላዋል፣ ከቀጠነ ደግሞ በመካከላቸው ክፍተት ይተዋል። በአንድ ሐዲድ ላይ የሚሠሩ ዲስኮች ሁሉ ተመሳሳይ ውፍረት ቢኖራቸው የሚመረጠው ስለዚህ ነው።

የቅነሳ ሒሳብ

በገበያ የሚገኘው ኤምዲኤፍ በአብዛኛው 2440 በ1220 ሚሊ ሜትር ነው። አንድ ሰው ከዚህ 300 ሚ.ሜ. ስፋት ያላቸው አራት የመደርደሪያ ጣውላዎች ሊያወጣ ፈለገ እንበል። አራቱ 1200 ሚ.ሜ. ይወስዳሉ፤ ለመጋዙ የሚቀረው 20 ሚ.ሜ. ብቻ ነው። ሦስት ቅነሳ ያስፈልጋል። ዲስኩ 2.2 ሚ.ሜ. ቢበላ በሐዲድ የሚቆርጥ ሰው በጠቅላላው 6.6 ሚ.ሜ. ያጠፋል፤ 13.4 ሚ.ሜ. ይተርፈዋል፤ በመጓጓዣ የተጎዳ የፋብሪካ ጠርዝ ካለም ሊያነሣው ይችላል። በነጻ እጅ የሚቆርጠው ግን መስመሩ ስለሚወላገድበት ከቅነሳው ግራና ቀኝ ለመላጊያ 3 ሚ.ሜ. ይተዋል። እያንዳንዱ ቅነሳ 8.2 ሚ.ሜ. ይሆንበታል፤ ሦስቱ 24.6። አራተኛው ጣውላ 295.4 ሚ.ሜ. ሆኖ ይወጣል፤ ይኸውም ለታሰበው ቦታ አይበቃም። ሁለቱም ሠራተኞች የተጠቀሙበት ሞተር አንድ ዓይነት ሊሆን እንደሚችል ልብ ይሏል።

ጠርዙ በላሚኔት የተሸፈነ ኤምዲኤፍን በመላጊያ ማስተካከልም በተግባር አስቸጋሪ ነው፤ ሽፋኑ ይፈነከታል፣ የመላጊያው ስለትም ቶሎ ይደነዝዛል። ስለዚህ በዚህ ቁሳቁስ ላይ የመጀመሪያው ቅነሳ የመጨረሻው መሆን አለበት።

በዋንዛ ጣውላ ላይ ሒሳቡ ይለያል። ከሬኮ ወይም ከሌላ ቡና አብቃይ ቀበሌ በሰንሰለት መጋዝ ተሰንጥቆ ወደ ዲላ የሚመጣ ጣውላ ቀጥ ያለ ጠርዝ የለውም፤ ግንዱ እንደታጠፈ ታጥፏል። በጠረጴዛ መጋዝ ላይ እንዲህ ያለው ጣውላ አይሄድም፤ ማሽኑ አስቀድሞ አንድ ቀጥ ያለ ጠርዝ ይፈልጋልና። ሐዲድ ግን በጣውላው ላይ ተቀምጦ ቀጥታውን ከራሱ ያመጣል። በዚህ ጸሐፊ ያልተጠየቀ ግምት ሳይሆን በመሣሪያዎቹ አሠራር መሠረት፣ ለጌዴኦ አናጢ የሐዲድ ትልቁ ጥቅም ከኤምዲኤፍ ይልቅ እዚህ ላይ ነው ማለት ይቻላል። ሐዲዱ ከጣውላው ጋር ወዲያና ወዲህ እየተንቀሳቀሰ ሲሞከር ከጠማማው ጣውላ የሚወጣው ሰፊው ቀጥ ያለ ቁራጭ የቱ እንደሆነ ከመቁረጥ በፊት በዓይን ይታያል።

የቦታ ጉዳይም አለ። ሙሉ ኤምዲኤፍ በጠረጴዛ መጋዝ በርዝመቱ ለመሰንጠቅ ከማሽኑ ፊት 2440 ሚ.ሜ.፣ ከማሽኑ ኋላም ያንኑ ያህል ባዶ ቦታ ያስፈልጋል፤ በጠቅላላው አምስት ሜትር ይጠጋል። በባለሐዲድ መጋዝ የሚንቀሳቀሰው መሣሪያው ስለሆነ የሚያስፈልገው የጣውላው ስፋትና ሠራተኛው ዙሪያውን የሚራመድበት ቦታ ብቻ ነው። በተጣበበ የከተማ ግቢ ይህ ልዩነት ሥራውን የሚቻል ወይም የማይቻል ያደርገዋል።

ምርጫ

ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቀው ስለ ዋት ነው። ጥያቄው ስሕተት ባይሆንም ቦታው አይደለም። የማኪታ ኤስፒ 6000 በ1300 ዋት የሚሠራ፣ 165 ሚ.ሜ. ዲስክ ያለው ነው፤ የፌስቱል ቲኤስ 55 ዲስኩ 160 ሚ.ሜ. ነው። ሁለቱም እስከ 55 ሚ.ሜ. ገደማ ይቆርጣሉ። በ220 ቮልት 1300 ዋት ወደ 6 አምፔር ነው፤ ለቤት መስመር ከባድ ጭነት አይደለም። ችግሩ መስመሩ ሲደክም ነው። ቮልቴጅ ሲወርድ ዲስኩ ይዘገያል፤ ሠራተኛው ሥራው እንዳይቆም በኃይል ይገፋል፤ ሞተሩ ይግላል፤ የእንጨቱም ጠርዝ ይጠቁራል። እንዲህ ባለ ሰዓት መግፋትን መቀነስ ወይም ቅነሳውን በሁለት ጥልቀት ከፍሎ መሥራት የተሻለ ነው። በሁለት ባለ18 ቮልት ባትሪ የሚሠሩ ሞዴሎች ከመብራት መቆራረጥ ያድናሉ፤ ሆኖም የባትሪውና የቻርጀሩ ዋጋ በመጋዙ ላይ ሲደመር ለጀማሪ ይከብዳል።

ከዋት ይልቅ ሊጠየቁ የሚገባቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የመቁረጥ ጥልቀቱ ነው። ሐዲዱ ራሱ 5 ሚ.ሜ. ያህል ውፍረት ስላለው አምራቹ የጻፈው ቁጥር ከሐዲድ ጋር ይሁን ያለ ሐዲድ መለየት ያስፈልጋል፤ 50 ሚ.ሜ. የዋንዛ ጣውላ ለሚሰነጥቅ ሰው እነዚህ 5 ሚሊ ሜትሮች ወሳኝ ናቸው። ሁለተኛው ከዲስኩ በስተኋላ ያለችው ቀጭን የብረት ምላስ ነች። ምላሷ የተሰነጠቀው እንጨት ተመልሶ እንዳይገጥምና ዲስኩን እንዳይቆነጥጥ ትከላከላለች። ከላይ ከተጠቀሱት ፌስቱሉ አላት፤ ማኪታው የላትም። ለደረቀና ለተረጋጋ ኤምዲኤፍ ልዩነቱ ትንሽ ነው። በቂ ሳይደርቅ ለሚቆረጥ ጣውላ ግን ትልቅ ነው፤ ርጥብ እንጨት በውስጡ የያዘው ውጥረት ሲፈታ ቅነሳው ይዘጋልና።

የሐዲድ ርዝመት ከሥራው ይነሣል። 1400 ሚ.ሜ. ሐዲድ የ1220 ሚ.ሜ. ስፋትን ለመቁረጥ ይበቃል። 2440 ሚ.ሜ. ርዝመት ለመሰንጠቅ ሁለቱን ማገናኘት ግድ ነው፤ ተገናኝተው 2800 ሚ.ሜ. ሲሆኑ በሁለቱም ጫፍ 180 ሚ.ሜ. ለመነሻና ለመድረሻ ይተርፋል። መገናኛው ላይ ሐዲዶቹ በጥቂቱ ከታጠፉ ግን ረጅሙ ቅነሳ በሙሉ ይበላሻል። ሁልጊዜ በረጅም ቀጥ ያለ ብረት መፈተሽ አለባቸው።

ስለ ዲስክ ብዙ ሰው ከመጋዙ ጋር በመጣው ይረካል። ለላሚኔትና ለኮምፔንሳቶ 48 ያህል ጥርስ ያለው ዲስክ ንጹሕ ጠርዝ ይሰጣል፤ ዋንዛን በርዝመቱ ለመሰንጠቅ ግን ያው ዲስክ ሰጋቱራውን ማስወጣት አቅቶት እንጨቱን ያቃጥለዋል። ለዚህ ከ12 እስከ 28 ጥርስ ይበቃል። ውድ መጋዝ በደነዘዘ ዲስክ ከርካሽ መጋዝ በሰላ ዲስክ ያነሰ ሥራ ይሠራል፤ ስለዚህ ገንዘብ ሲያንስ ከሞተሩ እንጂ ከዲስኩ መቀነስ አይገባም።

በቤት የሚሠራ ሐዲድ

የፋብሪካ ባለሐዲድ መጋዝ ለሁሉም አይደረስበትም። ተራ የእጅ ክብ መጋዝ ያለው ሰው ግን የጥቅሙን ትልቅ ክፍል በአንድ ቁራጭ ኮምፔንሳቶ ሊያገኝ ይችላል። አሠራሩ እንዲህ ነው። 6 ሚ.ሜ. ውፍረት ያለው፣ 300 ሚ.ሜ. ያህል ስፋት ያለው ኮምፔንሳቶ እንደ መቀመጫ ይዘጋጃል። በላዩ፣ የፋብሪካ ጠርዙን የያዘ ጠባብ ጣውላ በኮላና በብሎን ይያያዛል። ከዚህ ጠባብ ጣውላ እስከ መቀመጫው ጫፍ ያለው ስፋት ከመጋዙ መቀመጫ ጠርዝ እስከ ዲስኩ ካለው ርቀት በጥቂት ሚሊ ሜትር መብለጥ አለበት። ኮላው ከደረቀ በኋላ መጋዙ በጠባቡ ጣውላ ተደግፎ ትርፉን ይቆርጠዋል። የተቆረጠው ጠርዝ ከዚያ ወዲያ እንደ ፋብሪካው ጥብጣብ የቅነሳውን መስመር ያሳያል፤ ገጹንም ይጫናል። 185 ሚ.ሜ. ዲስክ ያለው ተራ መጋዝ 65 ሚ.ሜ. ገደማ ስለሚቆርጥ 6ቱ ቢቀነስ እንኳ ከብዙ ባለሐዲድ መጋዞች የበለጠ ጥልቀት ይቀረዋል።

የጠባቡ ጣውላ ቀጥተኛነት በዓይን አይታመንም። በሰፊ ኤምዲኤፍ ላይ ሁለት ነጥቦች ይደረጉና በጣውላው ጠርዝ ይገናኛሉ፤ ከዚያ ጣውላው ተገልብጦ በእነዚያው ነጥቦች ላይ በዚያው ጠርዝ ሁለተኛ መስመር ይሰመራል። በሁለቱ መስመሮች መካከል የሚታየው ክፍተት የእውነተኛው ስሕተት እጥፍ ነው። ግማሽ ሚሊ ሜትር መዛነፍ አንድ ሚሊ ሜትር ሆኖ ስለሚታይ ዘዴው ያለ ምንም ውድ መለኪያ ይሠራል።

መጋዙም ራሱ መፈተሽ አለበት። ዲስኩ ከመቀመጫው ጠርዝ ጋር ትይዩ ካልሆነ የኋላው ጥርስ የቆረጠውን ጠርዝ እንደገና ይፈገፍገዋል፤ ምልክቱ የቃጠሎ ጥቁረት ነው። ገመዱ ከመብራት ተነቅሎ አንድ ጥርስ በእርሳስ ይለያል፤ ያ ጥርስ ከፊት ሳለ ከመቀመጫው ጠርዝ ያለው ርቀት ይለካል፤ ዲስኩ በእጅ ዞሮ ያው ጥርስ ከኋላ ሲደርስ እንደገና ይለካል።

የቤት ሐዲድ ድካሙ አይካድም። መጋዙን ወደ አንድ ወገን ብቻ ስለሚደግፈው ሠራተኛው ዘወትር ወደ ጠባቡ ጣውላ መጫን አለበት፤ ከመካከል መጀመርም አይመችም። ከኤምዲኤፍ የተሠራ መቀመጫ ደግሞ በጌዴኦ ርጥበት ያብጣል፤ ለዚህ ነው ኮምፔንሳቶ የተመረጠው። ሐዲዱ ግድግዳ ላይ ተንጠልጥሎ ቢቀመጥ አይጠምም።

አጠቃቀም

ጣውላው መሬት ላይ ወይም ጠረጴዛ ላይ፣ ከሥሩ የማይፈለጉ ጣውላዎች ወይም ፎም ተደርጎለት ይዘረጋል፤ ቅነሳው ሲያልቅ ሁለቱም ክፍሎች እንደተደገፉ መቅረት አለባቸው። ጥልቀቱ የጣውላው ውፍረት፣ የሐዲዱ ውፍረትና ከዚያ በላይ 2 ወይም 3 ሚ.ሜ. ተደምሮ ይወሰናል። ለ18 ሚ.ሜ. ኤምዲኤፍ በ5 ሚ.ሜ. ሐዲድ ይህ 26 ሚ.ሜ. አይበልጥም። ዲስኩን እስከ መጨረሻው አውርዶ መቁረጥ ጠርዙን ከማበላሸቱ በላይ አደጋውን ያባብሳል።

ሐዲድ ቀጥታ ይሰጣል እንጂ ማዕዘን አይሰጥም። በዚህ ላይ ብዙ ጀማሪ ይሳሳታል። 1220 ሚ.ሜ. ቅነሳ በአንድ ዲግሪ ቢያጋድል ጫፉ ላይ 21 ሚ.ሜ. ይዛነፋል። ትንሽ ስኳድራ ለእንዲህ ያለ ርዝመት አይታመንም። ከጥግ ተነሥቶ በአንዱ ጠርዝ 600፣ በሌላው 800 ሚ.ሜ. መለካትና በመካከላቸው 1000 መኖሩን ማረጋገጥ የቆየና የማይከዳ ዘዴ ነው። የሙሉ ኤምዲኤፉን ማዕዘን ለመፈተሽ ደግሞ ሁለቱን ሰያፍ መለካት ይበቃል፤ እያንዳንዳቸው 2728 ሚ.ሜ. መሆን አለባቸው። እኩል ካልሆኑ የፋብሪካው ጠርዝ ራሱ አይታመንም።

ጠባብ ቁራጭ ሲቆረጥ ሐዲዱ የሚያርፍበት ያጣና ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። ውፍረቱ እኩል የሆነ ሌላ ቁራጭ ከጎኑ ማስቀመጥ ይህን ይፈታል። ቁጥራቸው የበዛ ተመሳሳይ ቀጫጭን ጨንገሮች ለማውጣት ግን የጠረጴዛ መጋዝ ይሻላል። ለቡና ማድረቂያ አልጋ የባሕር ዛፍ ምሰሶ ለሚቆርጥም ሰው ሐዲድ ትርጉም የለውም፤ የእጅ መጋዝ ይበቃዋል።

ርጥብ ዋንዛ ሲሰነጠቅ ከተቆረጠው ክፍል በስተኋላ ትንሽ የእንጨት ሽብልቅ ማስገባት ቅነሳው እንዳይዘጋ ያደርጋል። በተለምዶ ለ25 ሚ.ሜ. ውፍረት አንድ ዓመት ያህል የአየር ማድረቂያ ጊዜ ይታሰባል፤ ይህን መጠበቅ የማይችል አናጢ ጣውላውን ከልኩ አስፍቶ ይቁረጥ፣ ሲደርቅ ዳግም በሐዲድ ያስተካክለው። ዲስኩ ቢቆነጠጥ መጋዙ በሐዲዱ ላይ ወደ ሠራተኛው ይወረወራል። ሠራተኛው ከመስመሩ ጎን እንጂ ከኋላው አይቆምም፤ ሁለቱም እጆች እጀታ ላይ ይሆናሉ፤ ሐዲዱም በሞርሴቶ ይታሰራል። የዲስኩን ሽፋን በሽቦ አስሮ ክፍት ማድረግ፣ በየሠፈሩ የሚታይ ልማድ ቢሆንም፣ ምንም ዓይነት ፍጥነት የማያካክሰው ነው።

አቧራው የባሰ ችላ ይባላል። ዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት አቧራንና በኤምዲኤፍ ሙጫ ውስጥ ያለውን ፎርማልዴሃይድ ሁለቱንም ካንሰር አምጪነታቸው ከተረጋገጠው ምድብ አስፍሯቸዋል። በነጠላ አፍን መሸፈን ደቃቁን አቧራ አያግድም። ባለሐዲድ መጋዝ ዲስኩ የተሸፈነ ስለሆነ አቧራውን በአንድ አፍ ያስወጣል፤ ቫኪዩም ቢገጠምለት አብዛኛው ይሰበሰባል፤ ቫኪዩም ከሌለ ከረጢት ማሰርም ከምንም ይሻላል። በተራ መጋዝና በቤት ሐዲድ የሚሠራ ሰው ይህ ጥቅም የለውም፤ ስለዚህ ተገቢ የአፍና የአፍንጫ መሸፈኛ አድርጎ ከቤት ውጭ፣ ነፋሱን ከኋላው አድርጎ መሥራት ይኖርበታል። በቡና ወቅት ከአልጋ በላይኛው የነፋስ ወገን ኤምዲኤፍ መቁረጥ ከጎረቤት ጋር እንደሚያጣላም ሊታሰብ ይገባል።

የግዢ ቅደም ተከተል

ከላይ ከተባለው ተነሥቶ፣ በዲላ ገበያ ትንሽ ገንዘብ ይዞ ለሚነሣ ሰው የሚሻለው ቅደም ተከተል ይህ ይመስላል። አስቀድሞ ሁለት ጥሩ ዲስኮች፣ አንዱ ለኤምዲኤፍ፣ አንዱ ለዋንዛ፤ ከእነርሱ ጋር አራት ሞርሴቶና የማይታጠፍ ረጅም መለኪያ። ቀጥሎ ዲስኮቹ የሚገጥሙለት፣ መቀመጫው ያልተጣመመ ተራ ክብ መጋዝና በቤት የተሠራ ሐዲድ። የፋብሪካው ባለሐዲድ መጋዝ ሦስተኛ ነው፤ እርሱም ሥራው በብዛት ላሚኔት ሲሆን፣ በሰው ቤት ውስጥ ገብቶ መቁረጥ ሲያስፈልግ ወይም አቧራው ከባለሙያው ጤና ጋር መጋጨት ሲጀምር የሚገዛ ነው። ሁለትና ሦስት አናጢዎች ተባብረው አንድ ረጅም የፋብሪካ ሐዲድ ቢገዙ፣ መጋዛቸውም ከቦዩ ጋር የሚገጥም ዓይነት ቢሆን፣ ውዱን ክፍል ሊጋሩት ይችላሉ፤ ጥብጣቡ ግን ለአንድ መጋዝና ለአንድ ዲስክ ብቻ የሚስተካከል በመሆኑ እያንዳንዳቸው የየራሳቸውን ጥብጣብ ሊይዙ ይገባል።